ከተክል መሠራቱ ብቻ አይበቃም፤ ይፈተን

አዲስ ምጣድ ሲሟሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተፈጨ ጎመን ዘር ትኩሱ ሸክላ ላይ ይታሻል፣ በማሰሻ ደጋግሞ ይታሰሳል፤ ከዚያ ምጣዱ ጠቁሮ ይለሰልስና እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሳል። እዚያ ላይ የሚሠራው ኬሚስትሪ ነው። የተክል ዘይት ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ፈሳሽነቱን ትቶ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ለምጣድ ጥሩ ነው። ይኸው ነገር ጠመንጃ ውስጥ ቢፈጠርስ? መንሸራተት ያለበት ብረት ይያዛል፣ ጥይት ይቀረቀራል፣ ወታደሩም በክፉ ሰዓት የማይተኩስ ብረት ታቅፎ ይቀራል።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ የመንግሥት ግዥ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእርሻ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገዙ ከተክልና ከሌላ ታዳሽ ምንጭ ለተሠሩ ምርቶች ቅድሚያ እንዲሰጡ ያዛል። ፕሮግራሙ ባዮፕሪፈርድ ይባላል፤ የሚመራው የአገሪቱ እርሻ ሚኒስቴር ነው። ከጽዳት ዕቃዎች ጀምሮ ብዙ የምርት ዓይነቶች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ የጠመንጃ ቅባትም አለበት። የአኩሪ አተር ገበሬው አዲስ ገበያ ያገኛል፣ መንግሥት የነዳጅ ጥገኝነቱን ይቀንሳል። ታዲያ ሠራዊቱ ይግዛ ወይስ አይግዛ? የእኔ መልስ፦ ይግዛ፤ ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ሳይሆን ፈትኖ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንይ። የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃውን የሚወለውልበት ፈሳሽ ሲኤልፒ ይባላል። አንድ ጠርሙስ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ የባሩድ ጥላሸት ያጸዳል፣ የሚፋተገውን ብረት ያለሰልሳል፣ ከዝገት ይጠብቃል። ሚል-ፒአርኤፍ-63460 የሚባል ወታደራዊ መስፈርትም አለው። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ብርድ መሥራት አለበት፤ የተቀባው ብረት እርጥበትና ጨው እየተረጨበትም እንዳይዝግ ይፈለጋል። አስቸጋሪው ነገር ሦስቱ ሥራዎች እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። ጥላሸትን ጥርግ አድርጎ የሚያነሳ ፈሳሽ፣ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋንም አብሮ ሊያነሳው ይችላል።

የተክሉ ወገን ባዶ እጁን አልመጣም። ከአኩሪ አተር ዘይት የሚሠራ ሜቲል ሶየት የሚባል ማሟሟያ አለ። ብዙዎቹ ከነዳጅ የሚሠሩ ማሟሟያዎች 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ትነት ይሰጣሉ፤ ሜቲል ሶየት ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። የሚተነውም በጣም ቀስ ብሎ ነው። በአንድ ክፍል ተሰብስበው መሣሪያ ለሚወለውሉ ወጣቶች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚተነፍሱት ጭስ ያንሳል፣ የእሳት አደጋውም ይቀንሳል።

ግን እኮ ቀስ ብሎ የሚተን ነገር ብረቱ ላይ ይቆያል ማለት ነው። ለስድስት ወር ግምጃ ቤት የተቀመጠ ጠመንጃ ላይ ቢቆይስ? የዘይት ጄሪካን አንገት ላይ የምትነኩት የሚጣበቅ ነገር መልሱን ይነግራችኋል። ብርዱም አለ፦ ምንም ያልተጨመረበት የአኩሪ አተር ዘይት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍሰሱን ያቆማል። ከሚፈለገው 50 ጋር አስተያዩት።

ይህ ማለት ተክል አይችልም ማለት አይደለም። የራሳችንን የሐበሻ ጎመን ዘር ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከዚሁ ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ምንም ሳይቀላቀልበት፣ ጄት አብርሯል። ያ ዘይት ግን እንደ ማሰሻው በቀጥታ ሞተር ውስጥ አልፈሰሰም። በኬሚካል ሂደት ተለውጦ፣ ተለክቶ፣ ተፈትኖ ነው የገባው። ለጠመንጃውም መንገዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ “ከተክል የተሠራ” የሚለውን ምልክት በደንብ እንየው። ልኩ የሚታወቀው በካርቦን-14 ነው። ከመሬት ስር የወጣ ነዳጅ ሚሊዮን ዓመታት ስላስቆጠረ ካርቦን-14 አልቆበታል፤ በቅርቡ ከበቀለ ተክል የመጣ ምርት ግን አለው። ስለዚህ ላቦራቶሪ ስንት በመቶው ከተክል እንደመጣ መናገር ይችላል። ለየምርቱ የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠንም ይለያያል፤ ብዙዎቹ 100 በመቶ አይደሉም። ያም ሆኖ ቁጥሩ የሚነግረን ካርቦኑ ከየት እንደመጣ ብቻ ነው። ለእጃችሁ ደህና ይሁን፣ ጠመንጃውን ያሠራ፣ ስለዚያ ምንም አይልም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ሊሞኒን ጎበዝ ቅባት አስለቃቂ ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። ግን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ አየር ካገኘው በኋላም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል። ተክል ነው፤ ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ሌላም አለ። የብዙ ጥይቶች ማቀጣጠያ ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኛል። ስትተኩስ ጥላሸቱ ውስጥ ይቀራል፣ ስትወለውል ጨርቁ ላይ ይወጣል። የምትወለውልበት ፈሳሽ የፈለገውን ያህል “አረንጓዴ” ቢሆን፣ ጨርቁ ላይ ያለው ሊድ ሊድ ነው። ወታደሩ “ተፈጥሯዊ ነው” ተብሎ ጓንቱን ካወለቀ፣ አዲሱ ምርት ከድሮው የባሰ ጉዳት አመጣ ማለት ነው።

ሳይፈተኑ መለወጥ ምን እንደሚያስከፍል አሜሪካኖች ራሳቸው ያውቁታል። በቬትናም ጦርነት ኤም-16 ጠመንጃ ሲገባ የጥይቱ ባሩድ ዓይነት ተቀይሮ ነበር። አዲሱ ባሩድ ብዙ ቆሻሻ ይተዋል፣ የመተኮሻውንም ፍጥነት ይጨምራል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጠመንጃው ብዙ መወልወል አያስፈልገውም የሚል ወሬ ተነዛ፤ ብዙ ወታደሮችም መወልወያ ሳይሰጣቸው ተላኩ። መሣሪያው በውጊያ መሃል እምቢ ሲል ወጣቶች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ መርምሮ፣ የባሩዱ ለውጥ በፈተና ውጤት ያልተደገፈ ነበር ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ ነው ጥይት የሚቀመጥበት ክፍል በክሮም የተለበጠው፣ መወልወያውም የታደለው፤ በ1968 ደግሞ አያያዙን የሚያስተምር በኮሚክ የተሣለ መመሪያ ወጣ። እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ለውጥ ነበር። ባሩድ ብቻ!

አሁን ወደ ለመድኩት ኢኮኖሚክስ ልመለስ። የቅድሚያ ግዥ ሕጉ መውጫ በር አለው፦ ምርቱ ካልተገኘ፣ ሥራውን በብቃት ካልሠራ፣ ወይም ዋጋው ከልክ በላይ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ አይገደድም። ለውጊያ የሚገዛ መሣሪያና ዕቃ ደግሞ ከነጭራሹ ከግዴታው ውጭ ነው። ይህ ነፃነት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠመንጃ የእርሻ ድጎማ መሞከሪያ መሆን የለበትም። ግን ያው ነፃነት ለስንፍናም በር ይከፍታል። “አንገደድም” ብሎ የድሮውን ፈሳሽ ዝም ብሎ መቀጠል ይቻላል። ይህን የሚወስነው ገዥ ጨርቁን አይነካም፣ ትነቱን አይተነፍስም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዋጋ የወታደሩን ሳንባና ቆዳ አይጨምርም፤ የተበከለውን ጨርቅ ማስወገጃም አይጨምርም። ወጪው የሌለ ይመስላል፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ፈተናው ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይሁን። የነዳጁም የተክሉም ጠርሙስ ስማቸው ተሸፍኖ ይሰጥ፤ የሚፈትነው ወታደር የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ። በአቧራ፣ በብርድ፣ በጨው ይፈተን። ተቀብቶ ለወራት ተቀምጦ ከዚያ ይተኮስበት፤ የተክል ዘይት ድክመት የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና። የእጅ ቆዳና የክፍሉ አየርም ይለካ። ፈተናውን ሻጩ አያካሂደው፣ ውጤቱም ይታተም። የተክሉ ምርት ካለፈ፣ ግዴታ ባይኖርም ይገዛ። ከወደቀም ለምን እንደወደቀ ይነገርና አምራቹ ያስተካክል።

ይህን ስጽፍ ስልኬ ላይ “100 በመቶ ተፈጥሯዊ” የሚል የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ መጣልኝ። ለእናንተም በቀን ስንቴ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ከሠራዊት የሚጠበቀውን ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ፈተነው? ስንት ጊዜ? በምን ላይ? ሻጩ መልስ ከሌለው፣ በቃ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።