ዘውዱ ተመለሰ፤ የቆሼ ፎቶግራፍስ?

ሀገር የተዘረፈ ቅርሷን ስታስመልስ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በጥንተ ስፍራው ቆሟል። የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ገብቷል። በኔዘርላንድስ በአንድ ስደተኛ ወገናችን ቤት ከ20 ዓመት በላይ በአደራ የተጠበቀው የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ በቅቷል። ይህን ሁሉ በጎ ሥራ አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ይሁንና ልብ ብለን እንይ፤ ቁንዳላው ወርቅ አይደለም፤ ዕንቁም የለበትም። ያከበርነው ከማን ራስ እንደተቆረጠ ስለምናውቅ ብቻ ነው። ቅርስን ቅርስ የሚያሰኘው የገበያ ዋጋው ሳይሆን የተሸከመው ትዝታ መሆኑን መንግሥት ራሱ በክብር አቀባበሉ መስክሯል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እውነት ለንጉሥ ከሠራ ለድሀስ ስለምን አይሠራም?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በኮልፌ ቀራንዮ ከ50 ዓመታት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ኤክስካቫተሮች ለቀናት ክምሩን ቆፈሩ፤ አስከሬን እየተለየ ተቀበረ። ሐዘኑ አልፎ ዓመቱ ሲዞር፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ከጥራጊው ብርሃን ማውጣት ታስቧል፤ መልካም ነው። ከጥራጊው ውስጥ ትዝታ ማውጣትን ግን ማን አሰበ?

ከክምሩ ሥር የቀረው ሰው ብቻ አይደለምና። የድሀ ሙዚየሙ የጭቃ ግድግዳው ነው። የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የልጅ የምረቃ ሥዕል፣ የሟች አባት ምስል በመስተዋት ተገጥሞ የሚሰቀለው እዚያ ላይ ነው። የእናት ጋቢ፣ የአያት መቁጠሪያ፣ ከገጠር የመጣ መሶብ ከዚያው ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ። ግድግዳው ሲናድ እነዚህ ሁሉ ከባለቤቶቻቸው ጋር ይናዳሉ። በአገራችን ወግ ደግሞ ለቅሶ ያለ ምስል አይሞላም፤ አልቃሿ ፎቶግራፉን አቅፋ ነው ሙሾ የምታወርደው። ምስሉ ከሟቹ ጋር የተቀበረበት ቤተሰብ ምን አቅፎ ያልቅስ?

«በልቶ ማደር ለቸገረው ሕዝብ ፎቶግራፍ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። መጠለያና ካሳ ይቀድማሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ሱናሚ ከተሞችን ጠርጎ ሲያልፍ ያማሞቶ በተባለች አንዲት ከተማ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ፎቶግራፎች ከጭቃ ተለቅመዋል። የታተመ ፎቶግራፍ ቀለሙ ያለው በስስ የጄላቲን ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ እርጥበት ሲያገኘው ባክቴሪያ ይበላዋል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች በውኃ ቀስ አድርገው እያጠቡ፣ በገመድ ላይ እያሰጡ፣ በዲጂታል ቅጂ እያስቀመጡ ለባለቤቶቹ መልሰዋል። ሥራው ከጥንቃቄ፣ ከትዕግሥትና ከሰው ፍቅር በቀር ይህ ነው የሚባል ረቂቅ ጥበብ አልጠየቀም።

ለቆሼ ጭቃውን ለማጠብ ጊዜው አልፏል፤ መንገዱ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። የከተማችን ነዋሪ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ ከፋይሉ ጋር ይቀር ነበር። ተማሪ ሲመዘገብም እንዲሁ። ስለዚህ ቤቷ የጠፋባት እናት የልጇን ምስል የምታገኝበት ብቸኛ ቦታ የወረዳው መዝገብ ቤት ሊሆን ይችላል። እነዚያን ፋይሎች ከመወገድ ማዳን፣ ምስሎቹን አጽድቶና አሳድጎ ለቤተሰብ መስጠት፣ አንድ ቅጂም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማኖር የአንድ ክፍለ ከተማን በጀት የሚያናጋ ወጪ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ የትእዛዝ ደብዳቤ፣ አንድ ስካነርና ጥቂት ቅን ሠራተኞች ናቸው።

ደግሞም ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ የተሞላው በሰማዕታቱ ምስሎች ነው። ቁጥር ሆነው የቀሩ ወጣቶች ፊት ያገኙት በዚያ ነው። የቆሼ ሟቾችም «ከ110 በላይ» ተብለው እንዳይቀሩ ስምና ፊት ያስፈልጋቸዋል።

ጉዳዩ ያለፈ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ብዙዎች በአጭር ማስጠንቀቂያ ተነሥተዋል። በጥድፊያ ዕቃ ሲጫን አልጋና ብረት ድስት ይቀድማል፤ ከግድግዳ የወረደው ምስል መስተዋቱ ይሰበራል፣ አልበሙ ዝናብ ይመታዋል። የቆሼን ቤቶች የናደው ክምር ማስጠንቀቂያ መስጠት አይችልም ነበር፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል ግን ይችላል። ለቤተሰብ ዕቃውን በወጉ የሚሰበስብበት በቂ ቀን መስጠት ሕንፃውን አያዘገይም።

የጨለቆትን ዘውድ ጠብቆ ያቆየው ስደተኛ ሹመት አልነበረውም፤ የነበረው አደራ ነው። እኔም ከሹማምንቱ የምጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። የንጉሡን ፀጉር በክብር የተቀበለ እጅ፣ በወረዳ መዝገብ ቤት አቧራ የወረሰውን የአንዲት ቆሻሻ ለቃሚ እናት ጉርድ ፎቶግራፍ ለልጆቿ ማቀበል አይገደውም።