«ገባኝ ዶክተር» ሲባል አትመኑ

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ አንዲት ጥያቄ ነው የማወራችሁ። በየጤና ጣቢያው፣ በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል፣ በየፋርማሲው መስኮት ቀኑን ሙሉ ትጠየቃለች፦ «ገባዎት?» መልሷ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ»።

ይቺ ጥያቄ ጡረታ ትውጣ ባይ ነኝ። ከጠያቂውም ከተጠያቂውም ጊዜ ትወስዳለች፣ የምትሰጠው መረጃ ግን ዜሮ ነው። እኛ አገር ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ከኋላ ወረፋ አለ። ይሉኝታ አለ። «አልገባኝም» ካልኩ «አንተ ማስረዳት አትችልም» እንዳልኩት ይቆጠርብኛል የሚል ስጋትም አለ። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር የመጣ ትልቅ ሰው፣ የልጁ እኩያ የሆነ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ሐኪሙን ከማሳፈር ሳይገባው ወጥቶ ቢሄድ ይመርጣል። ጨዋነት ነው። ቤት ከደረሰ በኋላ ግን መድኃኒቱን የሚያዘው ጨዋነቱ አይደለም።

እስቲ ወባን እንውሰድ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሠራ ባለሙያ ሁሉ፣ በተለይ ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ዙሪያ፣ ከመስከረም በኋላ ያለውን ሰሞን ያውቀዋል። ኮአርተም ለአዋቂ ሰው በጠቅላላው 24 ፍሬ ነው፤ በአንዴ 4 ፍሬ፣ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ። የመጀመሪያው አሁኑኑ ይዋጣል። ሁለተኛው «ከ8 ሰዓት በኋላ» ይባላል። አሁን ይህንን ሐረግ ድገሙት፦ ከ8 ሰዓት በኋላ። ስምንት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው? ወይስ ቀን ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ? በአማርኛ ሁለቱም ልክ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መድኃኒት የጀመረ ሰው አንደኛውን ከሰማ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይወስዳል፣ ሁለተኛውን ከሰማ ደግሞ ከምሳ በኋላ። ሐኪሙ በትክክል ነግሮታል፣ በሽተኛው በትክክል ሰምቷል፣ መድኃኒቱ ግን በተሳሳተ ሰዓት ተወሰደ። «ገባዎት?» ሲባል «አዎ» ያለው ሰው አልዋሸም። በገባው ልክ ገብቶታል።

ቀጥሎ «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ወተት ቢሆን ጥሩ ነው» እንላለን። ምክሩ ልክ ነው፣ ኮአርተም ቅባት ካገኘ ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ግን የወባው ሰሞን ገና ሳያልፍ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት አሉ። የምትጾም እናት ወተት ሲባል ትሰማና ዝም ትላለች። ከእኛ ጋር ስለ ጾም ልትከራከር አልመጣችም። ቤቷ ሄዳ በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች፣ ወይም ሳትውጠው ትቀራለች። አንድ ጥያቄ ብትጠየቅ ኖሮ፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱን ከምን ጋር ነው የሚወስዱት?» ብትባል፣ ነገሩ እዚያው ይወጣ ነበር። መፍትሔውም ያን ያህል አይከብድም፤ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ የኑግ ወይም የሱፍ ፍትፍት። ቅባቱ የግድ ከላም መምጣት የለበትም።

ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት ለ14 ቀን ይሰጣል። ትኩሳቱ ግን በሁለት በሦስት ቀን ይጠፋል። ሰውየው ጤፍ አጨዳ ላይ ነው፣ ራሱን አያመውም፣ ቀሪው ኪኒን ለምን? «14 ቀን ይውሰዱ፣ ገባዎት?» ለዚህ ሰው ምንም አይፈይድለትም። «በአራተኛው ቀን ደህና ሲሆኑ በቀረው መድኃኒት ምን ያደርጉበታል?» ቢባል ግን እውነቱን ይናገራል፦ «ለልጆቹ አስቀምጠዋለሁ»። ይሄ መልስ ወርቅ ነው። አሁን ማስረዳት የሚገባንን ነገር አወቅን፣ ልጆቹንም ከአደጋ አዳንን።

ይህንን አካሄድ በእንግሊዝኛው ዓለም «ቲች ባክ» ይሉታል፤ ታካሚው የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲያስረዳ ማድረግ ማለት ነው። ፈተና መምሰል የለበትም። «እስቲ ያልኩትን ይድገሙ» ካልን የቆሎ ተማሪ ቤት ሆነ ማለት ነው። ሸክሙ ሐኪሙ ላይ ይሁን፦ «በደንብ መናገሬን ላረጋግጥ፣ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ብለው ነው የሚነግሯት?» ያኔ የሚያሳፍር ነገር የለም፣ ሰውየው ሐኪሙን እየረዳ ነው።

የቃላት ነገር ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ20 የቤተሰብ ሐኪሞች ላይ የተሠራ። ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱን ብቻ ተናግረው ይወጣሉ። ግማሾቹ ሐኪሞች «ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» ብለው ተስፋ በሚሰጥ ቃል ጠየቁ፤ ግማሾቹ ደግሞ የእኛን «ሌላ ምንም የለም አይደል?» በሚመስል ቃል። ልዩነቱ በእንግሊዝኛው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው አጠያየቅ ሳይነገሩ የሚቀሩት ጉዳዮች በ78 በመቶ ቀነሱ። የምርመራው ጊዜም ይህ ነው የሚባል አልረዘመም። «ጊዜ የለንም» ለምትሉ ባልደረቦቼ ይቺን ቁጥር በትህትና አቀርባለሁ። 😊

እስካሁን ስለ አንድ ሰው ነው ያወራነው። ሕዝብን መጠየቅስ?

እዚህ ላይ አገራችን ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ2003 ዓ.ም በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ወሊዶች ጤና ተቋም ውስጥ የተካሄደው 1 ብቻ ነበር። ጤና ተቋም ያልወለዱት እናቶች ለምን ሲባሉ፣ ከ10ሩ 6 ያህሉ «አስፈላጊ አይደለም» አሉ፣ 3 ያህሉ ደግሞ «አልተለመደም»። ይህንን ሰምቶ «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር፣ ብዙ ሰውም ዘግቶታል። ለኔ ግን «አስፈላጊ አይደለም» መልስ ሳይሆን ክዳን ነው፤ የድስቱ ጉዳይ ከሥሩ ነው ያለው። ቁጭ ብሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ መዝገብ ተዘግቶ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይወጣል። ቤት ስትወልድ እናቷ ከጀርባዋ ይዛታለች፣ ተንበርክካ ታምጣለች፣ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ ልጁ ሲወጣ እልልታ፣ ከዚያ ገንፎ። ጤና ጣቢያ ስትመጣ በሩ ይዘጋል፣ ብቻዋን በጀርባዋ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ትጋደማለች፣ የማታውቀው ወንድ ይገባል፣ ከወለደች በኋላ የሚቀምስ ነገር የለም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን ቤቴን እመርጥ ነበር።

ይህ ከተሰማ በኋላ ነው በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ክፍል፣ የገንፎ ምድጃ፣ የቡና ረከቦት እየተለመደ የመጣው፤ እናት ወይም ባል አብሮ እንዲገባ የተፈቀደውም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም በተደረገው ጥናት ጤና ተቋም የመውለዱ ቁጥር 26 በመቶ ደረሰ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 48 በመቶ። ገንፎው ብቻውን አላመጣውም፤ አምቡላንስ አለ፣ መንገድ አለ፣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ጉልበት አለ። ቢሆንም አምቡላንሱ እናቲቱን የሚያመጣት ለመምጣት ከፈለገች ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያች ሳጥን እንሂድ። ታውቋታላችሁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው፣ «የአስተያየት መስጫ» የሚል የተጻፈባት። ብዙ ጊዜ የምትሰቀለው የኃላፊው ቢሮ በር አጠገብ ነው። ወረቀት የለም፣ እስክሪብቶ የለም፣ ቁልፉ ደግሞ ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው ኪስ ውስጥ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ምን ያድርግ? እኔን ብትጠይቁኝ ሳጥኗን አውርዱና ከመውጫው በር ላይ ሁለት ጣሳ አስቀምጡ፣ አንዱ «ተደስቻለሁ»፣ አንዱ «አልተደሰትኩም»፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላ ይጣል። ማታ ይቆጠር። ምክንያቱን አይነግረንም፣ የትኛው ቀን መጥፎ እንደነበር ግን ይነግረናል።

ከሳጥኗ የሚሻል ሥርዓትም አለን፦ የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ፣ ብዙዎቹ «ስኮር ካርድ» የሚሉት። የቀበሌ ተወካዮች ለጤና ጣቢያቸው በስድስት ነገር ነጥብ ይሰጣሉ፦ የባለሙያው አክብሮትና ርኅራኄ፣ የጥበቃ ጊዜ፣ መድኃኒትና ምርመራ መኖሩ፣ የግቢውና የሕንፃው ሁኔታ፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። ከዚያ ሕዝብና ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ነጥብ የሚሰጠው ሰው የሚመረጥበት መንገድ ነው፤ ሁሌ ስብሰባ ላይ የማይጠፉት ሰዎች ከተመረጡ ሁሌ ጥሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለተኛውና የባሰው መልስ አለመመለሱ ነው። ሕዝቡ «መድኃኒት የለም» ብሎ ነጥብ ቀነሰ እንበል። በሚቀጥለው ስብሰባ «ብላችሁን ነበር፣ ይሄንን አስተካክለናል፣ ይሄኛው ከአቅማችን በላይ ነው ምክንያቱም…» ካልተባለ፣ በሦስተኛው ስብሰባ ማንም እውነቱን አይናገርም። «ምን አገባኝ» ብሎ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥቶ ወደ ገበያው ይሄዳል።

ኮሮና ጊዜ ትዝ ይላችኋል? በ2012 ዓ.ም ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ይቀድም ነበር። ጥሩ ነበር፣ ግን አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ነበር። 8335 ላይ ግን ሰው ደውሎ ይጠይቅ ነበር፤ ሕዝቡ ምን እንደሚፈራና ምን ወሬ እንደሰማ የሚታወቀው እንዲህ ባለ መስመር ነው። ምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ጊዜ ይህንን በከባዱ ተምራዋለች። ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 አስከሬን እንዲቃጠል ስታዝዝ ሰዎች በሽተኛቸውንም ሬሳቸውንም መደበቅ ጀመሩ። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመካክሮ «ደኅንነቱ የተጠበቀና ክብር ያለው ቀብር» የሚል መመሪያ አወጣ። ሰዎቹ የጠየቁት ሕክምናን መቃወም አልነበረም፤ ሟቻቸውን በወጉ ማልቀስና መቅበር ነበር።

በኛ ሰፈር ተመሳሳዩ የጸበል ጉዳይ ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጩ ድረስ ስንት በሽተኛ ነው የሚሄደው! የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «መድኃኒት አቋርጠሃል እንዴ?!» ተብሎ በቁጣ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይታወቃል። «ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን ለጊዜው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፣ አንተ እንዴት አደረግህ?» ሲባል ግን እንዳልተፈረደበት ያውቃልና ይናገራል። ከዚያ በኋላ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው መሄድ እንደሚችሉ መነጋገር ይቻላል።

እናንተስ እንደ ታካሚ? ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ መልሶ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት፦ «አንዴ ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርመኝ»። በተለይ እናትና አባት ይዛችሁ ስትሄዱ እነሱ ራሳቸው እንዲደግሙት አድርጉ፣ እናንተ አትመልሱላቸው። «በየ8 ሰዓቱ» ከተባለም ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ተብሎ ይጻፍላችሁ።