ጥሩር ብቻውን አያድንም
ዳይስ ወዳጆች፣ ዛሬም ልጨቅጭቃችሁ ነው 😄 በ2014ቱ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጭራቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞክረው ጥሩራችሁን ነው፤ እሺ። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት በር ያንኳኳል፦ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ማስተዋል። የቀይ ዘንዶ እሳት ቅልጥፍናን፣ የአረንጓዴው መርዝ ጽናትን፣ የጎልማሳ ዘንዶ ግርማ ደግሞ ማስተዋልን ይፈትናል።

በእኔ እምነት ክፉው ሦስተኛው ነው። ከእሳቱ ባታመልጡ፣ ካልሞታችሁ፣ ቆስላችሁም ትጫወታላችሁ። ቫምፓየር ማስተዋላችሁን ካሸነፈ ግን እሱኑ እንደ ወዳጅ ስትጠብቁ ትገኛላችሁ፤ ጓደኞቻችሁ ምን ይሁኑ?

ተዋጊ የሠለጠነው በጉልበትና በጽናት ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ተዋጊ ስትሠሩ ማስተዋልን 8 ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ወርቃችሁን ሁሉ ለብረት አትጨርሱ፤ ብረት ልብን አይሸፍንም። የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።