በቆሎ በክብደቱ ይመዘን ወይስ በገንቢነቱ?

በቆሎ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ቢኖር በሚዛን ላይ አይቶት ይሆናል እንጂ በምግብነቱ አልመረመረውም። በተራው በቆሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 8 እስከ 11 ያህል ሲሆን፣ መጠኑ እንደ ዘሩና እንደ መሬቱ ለምነት ከፍና ዝቅ ይላል። በአሜሪካ የኢሊኖይ የእርሻ ሊቃውንት ከ1896 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሮቲን የበዛበትን በቆሎ በየጊዜው እየመረጡ ቢዘሩ፣ ከመቶ 11 ገደማ የነበረው ከብዙ ትውልድ በኋላ ወደ 30 ደርሷል።

ነገር ግን የፕሮቲን ብዛትና የፕሮቲን ጥራት የተለያዩ ናቸው። የበቆሎ ፕሮቲን አብላጫው ዜይን የሚባለው ሲሆን፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን በዜይን ውስጥ የሉም ለማለት ይቻላል። በኢሊኖይ የጨመረውም በአብዛኛው ይኸው ዜይን ነው። እንግዲህ ጡት የተወ ሕፃን በቆሎ ብቻ ቢመገብ ሆዱ ይሞላል እንጂ አካሉ አይጸናም።

በ1964 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን መርትዝና የሥራ ጓደኞቹ ኦፔክ ሁለት የተባለ ባሕርይ ያለው በቆሎ፣ ጠቅላላ ፕሮቲኑ ከሌላው ሳይበልጥ፣ ላይሲኑ ግን እጥፍ ያህል መሆኑን ገለጡ። ዳሩ ግን ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ አነስተኛ፣ ለነቀዝም የተመቸ ስለ ነበረ ገበሬው አልወደደውም። ይህን ጉድለት ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪዬጋስ በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል በብዙ ዓመት ድካም አርመው ጠንካራ ፍሬ ያለው ዘር ስላስገኙ፣ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችንም ቢ.ኤች.ኪው.ፒ. 542 የተባለው ዘር በ2001፣ መልካሳ 6 ኪው ደግሞ በ2008 ለገበሬው ተለቅቀዋል።

የቀረው ችግር የዚህ በቆሎ ብልጫ በዓይን አለመታየቱ ነው። መልኩ እንደ ተራው በቆሎ ስለ ሆነ ነጋዴው የሚከፍለው በኩንታል እንጂ በላይሲን አይደለም። ከዚህም በላይ ባሕርዩ የሚገለጠው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነውና፣ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ የተራ በቆሎ ብናኝ ያዳቀለው ፍሬ ጥራቱን ያጣል። ገበሬው ከዚያው ለዘር ቢያስቀር ጥቅሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ይሄዳል።

ስለዚህ የተሻለ ዘር ማውጣት ብቻ አይበቃም። ዘሩን ከመደባለቅ የሚጠብቅ አሠራር፣ ለእህሉም የተለየ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ የሊቃውንቱ ድካም ከድኻው ልጅ አፍ ሳይደርስ በማሳው መካከል ይቀራል።