ኪራይ ያልተጠየቀበት ፎቅ

ባለፈው ሳምንት «ቤት» የሚለውን ቃል ጽፈናል። ዛሬ ስለ አንድ ቤት እናንብብ።

ቤቱ በሕንድ አገር፣ በካልካታ ከተማ ነበር። እማሆይ ቴሬዛ (ብዙ ሰው ማዘር ቴሬዛ ይላቸዋል) ከነበሩበት ገዳም ወጥተው፣ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ወደ ድሆች መንደር ገቡ። ሰሌዳ አልነበራቸውም። ፊደሉን በእንጨት መሬት ላይ እየጫሩ ልጆቹን አስተማሩ። እኛም ጠመኔ ሲያልቅብን እንዲሁ እናደርጋለን!

ማደሪያ ግን ከየት ይምጣ? በየካቲት ሚካኤል ጎሜዝና ቤተሰባቸው የቤታቸውን የላይኛውን ፎቅ ሰጧቸው። ኪራይ አልተቀበሉም። በመጋቢት አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው መጣች። ሌሎችም ተከተሏት። ክፍሉ ጠበበ፤ ቤተሰቡ ተጨማሪ ክፍል ለቀቀ። እንግዳ ለአንድ ሌሊት ማሳደር ሁላችንም እናውቅበታለን። ለአራት ዓመት ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ኮቴው አለ፤ ጸሎቱ አለ፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል።

መስከረም 27 ቀን 1943 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸውን ተቀበለች። በ1945 ዓ.ም. ወደ ሰፊ ቤት ተዛወሩ። ዛሬ የማኅበሩ እኅቶች በአዲስ አበባም ሕሙማንን ያስታምማሉ።

ሰው ሁሉ እማሆይን ያመሰግናል፤ ይገባቸዋል። እኛ ደግሞ ለባለቤቶቹ «እግዜር ይስጥልን» እንላለን። ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉት፦ ጎ - ሜ - ዝ።