የቆላው ትኩሳትና የአዲሱ ሐኪም ትምህርት

ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወቅት ከደጋው ወደ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ብዙ ነው። ትኩሳት ሲይዘው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሰውነቱ ሲከሳና ጣፊያው ሲያብጥ ግን ሕመሙ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ ማሰብን እንዴት እንደተማረ ለገበሬውም ለከተማ ነዋሪውም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ችግርን መነሻ ያደረገ የሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር፣ በሌላ ዘርፍ ዲግሪ የነበራቸውን ተቀብሎ ይህን ዘዴ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አዋሕዷል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይሰጣቸዋል። ለምሳሌ ሦስት ሳምንት ያተኮሰው፣ የወባ ምርመራው ነጻ የሆነ የሰሊጥ አጫጅ ነው እንበል። ተማሪዎቹ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው ይጽፋሉ፤ ጥያቄዎቹን ተከፋፍለው ያጠናሉ፤ ተመልሰውም እርስ በርስ ይማማራሉ። አንዱ ተውሳኩ ጣፊያን ለምን እንደሚያሳብጥ ያብራራል። ሌላው ሠራተኛው ሌሊት የት እንደሚያድር ይጠይቃል፤ የአሸዋ ዝንቧ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለችና። ሦስተኛዋ የኤችአይቪ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ታስረዳለች፤ ሁለቱ በሽታዎች ሲደራረቡ ሕክምናው ይከብዳልና። መምህሩ መልስ ከመስጠት ይልቅ በጥያቄ ይመራል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። ከ12ኛ ክፍል የመጣ ተማሪ ለዓመታት የለመደው መምህሩ የጻፈውን ገልብጦ ማጥናትን ነው። «ይህን አላውቅም» ብሎ በጓደኞቹ ፊት መናገር እንደ ውርደት ይታየዋል። የሚናገሩት ጥቂቶች ሆነው ሌሎቹ ዝም ካሉም ቡድኑ ስም ብቻ ይሆናል። መቶ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ማስተማር ለሚችል ተቋም፣ ለእያንዳንዱ አነስተኛ ቡድን የሠለጠነ መምህር መመደብ ከባድ ነው። መጽሐፍና ኢንተርኔት ከሌለም ተከፋፍሎ ማጥናት ትርጉም ያጣል።

መንፈሱ ግን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በደንቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ አንዱ መነሻ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። ያን ጊዜም ትምህርቱን የቀረጸው የሕዝቡ ችግር ነበር።

እንግዲህ መመዘኛው ግልጽ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ታሪክ ከውጭ መጽሐፍ ብቻ ከተቀዳ፣ ተማሪው ተወያይቶም የመተማን ሕመምተኛ ላያውቀው ይችላል። ታሪኩ ከቆላው ጤና ጣቢያ ከመጣና መምህሩም በቂ ጊዜ ካገኘ ግን፣ ያ ተማሪ ተመርቆ ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ሲመደብ፣ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ከማዘዙ በፊት «ስንት ቀን አተኮሰህ? የት ታድር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛው በሕይወት ወደ ቤተሰቡ መመለሱም በዚህ ጥያቄ ላይ ሊመሠረት ይችላል።