የጨዋ ልጅ ማነው?

አንድ ወጣት በትሕትና ሲናገር «የጨዋ ልጅ ነው» እንላለን፤ ሲሳደብ ደግሞ «ያሳደገው የለም» እንላለን። ለመሆኑ ጨዋነት ከትውልድ የሚገኝ ነገር ነው ወይስ የምንማረው? ነገ የሰው ልጅ ተረክበን የምናስተምር ሰዎች ይህን ጥያቄ ልናልፈው አይገባም።

ጥያቄው የቆየ ነው። የሆላንዱ ተወላጅ ሊቅ ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1530 ስለ ወንዶች ልጆች ሥነ ምግባር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በላቲን አሳትሞ ነበር። በ7 ምዕራፎች ከአለባበስና ከማዕድ ጀምሮ እስከ ጨዋታና መኝታ ድረስ ይመክራል። በእጅጌ ንፍጥ መጥረግ፣ ከሁሉ ቀድሞ ገበታ ላይ እጅ መስደድ ነውር መሆኑን ያስተምራል። መጽሐፉን ያበረከተው ለአንድ የመሳፍንት ልጅ ነው። ይሁን እንጂ አእምሮውን በትምህርት ያለማ ሁሉ ከመኳንንት እንዲቆጠር፣ ወላጁንም ሆነ አገሩን መርጦ የሚወለድ እንደሌለ፣ ጠባዩን ግን እያንዳንዱ ራሱ ሊያንጽ እንደሚችል ገልጿል። በዚያ ዘመን ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

ከ200 ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊው ሎርድ ቼስተርፊልድ ለልጁ ብዙ የምክር ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ስለ ነበረ አባትየው በመልካም አቀራረብ ከትልቅ ሹመት ሊያደርሰው ፈለገ። ጮክ ብሎ መሳቅ እንኳ ነውር ነው ይለው ነበር። ታዲያ ያው መካሪ ስለ ሴቶች ሲጽፍ እንደ ትልልቅ ሕፃናት ይቆጥራቸዋል፤ ልጁም እንዲሸነግላቸው ይመክረዋል። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1768 ሲሞት አባትየው የማያውቃት ሚስት እንደ ነበረችው ታወቀ። በ1774 ደብዳቤዎቹን ለኅትመት ያበቃችው እሷው ነች።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጨዋነት አለ ማለት ነው። አንደኛው ለመውጫ የሚያገለግል መሰላል ነው፤ ሁለተኛው ሌላውን ሰው ላለማስቀየም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። «ጠባይ ማሳመር ማስመሰል ነው» የሚሉ ጓደኞቻችን የመጀመሪያውን አይተው ከሆነ እውነት አላቸው። ሁለተኛውን ግን አብረው መጣል የለባቸውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

ወደ ራሳችን እንምጣ። ከእኛ ከወንዶቹ ሠልጣኞች መካከል መምህር ሲያዩ ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሡ፣ ምግብ ቤት ሲደርሱ ግን የእናታቸው እኩያ የሆኑትን ሠራተኛ «አንቺ!» ብለው የሚጣሩ አሉ። ይህ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው? በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንዲት እኅታችን ቃል ሲጠፋባት ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። እኮ ምኑ ያስቃል? ነገ አንደኛ ክፍል ገብተን፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ተሳስቶ ክፍሉ ሲስቅበት ዝም ብለን ካየን ያ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። የአንድ ደቂቃ ሳቅ የአንድ ዓመት ትምህርት ሊያስቀር ይችላል።

ኤራስመስ በመጽሐፉ መደምደሚያ ላይ የሌላውን ጉድለት በቀላሉ ማለፍን፣ ከባድ ስሕተት ሲሆንም ለብቻ ጠርቶ በለዘብታ መንገርን ያሳስባል። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ምክር ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በልምምድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ ሲሳሳት ሳቅ ይቅር፤ ጉድለቱ ከክፍል በኋላ ለብቻው ይነገረው፤ በክፍሉ ፊት የሚነገረው ያማረለት ነገር ይሁን። መምህሮቻችንም በዚህ ቢቀድሙን ደስ ይለናል። የወጥ ቤት ሠራተኞቻችንንም «እርስዎ» ብንል ምላሳችን አይጎዳም!